ተገልብጦ የገባው ቁልፍ

ሪያድ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ቢያድግልኝ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ተሻለዎት? ሰላማዊትና ቤተሰቡ ሁሉ እንደምን ናቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ጥምቀትን በሰላም ያድርስዎ፤ አላህ ዕድሜና ጤና አይንፈግዎ።

ጆሮዎ ስልክ እንደማይቀበል ስለማውቅ፣ እንደ ልማዳችን በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በልጅዎ በሰላማዊት ስልክ ልኬዋለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉልኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ለማንበብ ግማሽ ቀን ቢፈጅብኝም ሳየው ደስ ይለኛል።

ዛሬ የማስቸግርዎ ስለ እናቴ ነው። ወንድሜ ሙነወር "የእማ በር ቁልፉ ተበላሽቷል፤ ሌባ በዝቷልና ጠንካራ ቁልፍ ላኪ" አለኝ። ከዚህ ገዝቼ ወደ ሐይቅ በምትመለሰው በሰዓዳ እጅ ልኬያለሁ። ከውጭ በቁልፍ ይከፈታል፤ ከውስጥ ግን ቁልፍ አያስፈልገውም፤ በእጅ የሚዞር ማዞሪያ አለው። የእናቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ይህን አስቤ ነው የመረጥኩት።

ሙነወርን ያውቁታል፤ ሁሉን ነገር ነገ ነው የሚለው። የሚስቱን የኢንሳፍን ፊት ሳያይም ምስማር አይመታም። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ቆመው ያስገጥሙልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ወለል የፈተግሁት እናቴ በትልቁ ቤት፣ በሰፊው መስኮት በኩል መንገደኛ እያየች እንድትቀመጥ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስደውል ሁልጊዜ "ተኝታለች" ይሉኛል። በጠዋት ተኝታለች፣ በቀትር ተኝታለች። ታማ ይሆን? እርስዎ አይደብቁኝም።

አክባሪ ልጅዎ
ዙሌይካ


ሐይቅ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሌይካ፤

የአያቶቻችን አምላክ፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የሚለመነው፣ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ወገቤ የጭነት መኪና የነዳሁበትን ዘመን አልረሳ ብሎኛል፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ቁልፍሽ ደርሶኛል። ሰዓዳ በሦስት ካልሲ ጠቅልላ አምጥታዋለች፤ ካልሲዎቹ የታጠቡ አልነበሩም። ይህን ያነሳሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ የገጠመኝ ነገር ሁሉ የዚያው ዓይነት ስለነበረ ነው።

የላክሽው ሰረገላ ቁልፍ የእንጨት በር ቁልፍ ነው፤ ገላው፣ በሩ ውስጥ የሚቀበረው ሣጥኑ፣ ሰፊ ነው። የእናትሽ በር ግን አልሙኒየም ነው፤ ጠርዙ ጠባብ፣ ውስጡም ባዶ ስለሆነ ይህ ቁልፍ አይገባበትም። ይህን ለማወቅ መለካት ይበቃ ነበር። አሻግሬ የሚሉት የአልሙኒየም ሠራተኛ ግን ሜትሩን ከኪሱ አላወጣም። ማስቲካውን እያኘከ ግራይንደሩን አስነሳና "ፋዘር፣ ቆረጥ አድርገን እናስገባዋለን" አለኝ። እኔ የማንም ፋዘር አይደለሁም። "ለካው" አልኩት፤ "ዓይኔ ለክቶታል" አለኝ። ቆረጠ። ቁልፉን በአንድ በኩል ሲገፋው በሌላው በኩል ብቅ አለ። የብረቱ ብናኝ እናትሽ በምትጠጣበት ጆግ ውስጥ ረገፈ። ብናሳየው "ችግር የለውም፤ ይቺን ብቻ አይጠጧት" ብሎ እርፍ። እጢዬ ዱብ አለ!

ሙነወር ይህ ሁሉ ሲሆን በረንዳው ላይ ተጋድሞ ጫቱን ይቅማል። ኢንሳፍ ደግሞ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ "አቧራው ወደ ሳሎን እንዳይገባ" ትላለች። ወደ እናትሽ አፍ ቢገባ ግድ የላትም።

አሻግሬን አባረርኩትና ደሴ ወጥቼ ለአልሙኒየም የሚሆን ጠባብ ገላ ገዛሁ። ካንቺ ቁልፍ ላይ ሲሊንደሩን፣ ማለት በአንድ በኩል ቁልፉ የሚገባበትን በሌላው በኩል ማዞሪያው ያለበትን ክፍል፣ አውጥተን እሱ ላይ ሰካነው። "አውጥተን" ማለቴ መልሼ አሻግሬን ጠርቼ ነው፤ በዚህ ከተማ ከሱ የሚሻል ከሱ የባሰ ነው። ሲሊንደሩ ለበሩ ትንሽ ስለሚረዝም ያፈጠጠ ነገር ሆኗል፤ ግን ይሠራል። ማዞሪያው ከውስጥ ነው። እናትሽ ራሷ ዘግታ ከፍታ አሳየችኝ፤ ቁልፉንም በእጇ ሰጥቻታለሁ። በከንቱ የተቆረጠውን ቦታ አሻግሬ ሲሊኮን ሞላበትና በጣቱ አለሰለሰው፤ ጣቱንም በእናትሽ መጋረጃ ጠረገ።

ስለ እንቅልፏ ጠይቀሽኛል። እኔ በሄድኩ ጊዜ አልተኛችም፤ ሻርፗን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። የምትኖርበት ሰርቪስ ጨለማ ስለሆነ ግን እንቅልፍ ቢበዛባት አይገርመኝም። በሩ ሲከፈት ብቻ ነው ብርሃን የሚያገኘው። ስለዚህ ቀን ቀን ክፍት አድርገሽ ተቀመጪ ብያታለሁ።

አጎትሽ
ቢያድግልኝ


ሪያድ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቢያድግልኝ፤

እንደምን አሉ? ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ካየሁ ጀምሮ እጄ ሥራ አልያዝ ብሎኛል።

የምን ሰርቪስ?

ከጓሮ ያለው ሰርቪስ የተሠራው ለከሰልና ለጀሪካን ነው። መስኮት እንኳ የለውም። የላክሁት ቁልፍ የትልቁ ቤት የፊት በር መስሎኝ ነበር። እናቴ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለች? መቼ ገባች? ማን አስገባት?

ሙነወር ዘንድ ደወልኩ። "ደረጃው ከበዳትና ራሷ መርጣ ወጣች" አለኝ። ጋሼ፣ ትልቁ ቤት ደረጃ የለውም። ፕላኑ ሲሠራ ስለ ጉልበቷ ብዬ ደረጃ እንዳይኖረው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከነሚስቱ የሚኖርበትን ቤት መልኩን ረስቶ ነው የዋሸኝ። ውሸቱን እንኳ ደክሞ አላዘጋጀውም። ስልኩን ዘግቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

እርስዎስ ያውቁ ነበር? ካወቁ ለምን አልነገሩኝም? አሁንም ያላወቅሁት ነገር ካለ በአላህ ስም ይንገሩኝ።

ዙሌይካ


ሐይቅ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሌይካ፤

እናንተም በጾም፣ እኛም በጾም ላይ ነን፤ የሁለታችንንም ፈጣሪ ይቀበልልን። መልሴ ዘገየ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የሚጻፈው ነገር አስጠልቶኝ ነው።

ሰርቪስ መግባቷን አውቅ ነበር። ሙነወር "ከዙሌይካ ጋር ተመካክረን ነው" ስላለኝ አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ዝም አልኩ። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ዓይኑን ማየት ቀፎኝ ሰነበትኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን እናትሽን ልጠይቅ ሄድኩ።

በሩ ተዘግቷል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ማዞሪያውን ከውጭ በኩል አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ያን ማዞሪያውን ወደ ውስጥ አድርገን ያስገባነውን ሲሊንደር ነቅለው ገልብጠውታል! ማዞሪያው ወደ ግቢው፣ የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሆኗል። የሰጠኋትንም ቁልፍ ወስደውባታል። በግቢው ያለፈ ሁሉ፣ ጎረቤቱም እንግዳውም፣ በሁለት ጣቱ ይቆልፍባታል፤ ከውስጥ ያለችው እሷ ግን መክፈት አትችልም። ስንት ዓመት መንገድ ላይ ስኖር የሰው ክፋት አይቼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር።

አዙሬ ገባሁ። እናትሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "ቢያድጌ፣ ማን ከፈተልህ?" አለችኝ። ፖፖው ሞልቶ ከእግሯ ሥር ቆሟል። ይህን ስጽፍ እንኳ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ፖፖውን ደፍቼ በሩን ወለል አድርጌ ወደ አሻግሬ ሱቅ ሄድኩ።

"ማን ገልብጥ አለህ?"

"ባለቤቱ ገልብጥ አለኝ፣ ገለበጥኩ። ሁለት ብሎን ነው ፋዘር፣ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

"ባለቤቱ ማን ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ማስቲካውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ።

ሙነወርን ያገኘሁት ሳሎን ውስጥ ነው። አላፈረም። "ትረሳለች። ከወጣች ወደ ሐይቁ ነው የምትሄደው። ሰምጣ ብትሞት የሚጠየቀው ማን ነው?" አለኝ። ኢንሳፍም "ለሷ ብለን እንጂ እኛማ ምን ይጠቅመናል" ብላ እንባዋን ጠረገች፤ እንባ ግን አላየሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፌን አስያዙኝ። መርሳቷ እውነት ነው፤ እኔንም አንዳንዴ በሟቹ ወንድሜ ስም ትጠራኛለች። ሐይቁም እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው። ደፍሬ ባስገለብጠውና አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ አይሻለሁ? ስለዚህ እንዳለ ትቼው ወጣሁ። ስወጣ ኢንሳፍ ከኋላዬ ሄዳ ማዞሪያውን አዞረችው። ቀጭ ሲል ይህ የደነቆረ ጆሮዬ እንኳ ሰማው።

አንቺ ምን ትያለሽ? ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ቢያድግልኝ


ሪያድ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቢያድግልኝ፤

አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ፤ ስለ እውነተኛነትዎም ምንዳውን እሱ ይክፈልዎ።

ይህን የምጽፍልዎ ተቆልፎብኝ ነው።

እመቤቴ ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴማ ጨርሶ። ዓምና ምድጃው ላይ ዘይት ተያያዘ። በእርጥብ ፎጣ አፈንኩት፤ ቤቱ ግን በጭስ ተሞላ። በሩን ደበደብኩ፣ ጮህኩ፣ ማንም አልመጣም። አፍንጫዬን በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተኝቼ ጠበቅኋት። ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ድስቱን ነው። እሷም "ላንቺው ብዬ ነው፤ ወጥተሽ ብትጠፊስ?" ትለኛለች። የኢንሳፍን ቃል ደብዳቤዎ ላይ ሳነብ የሷን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ያን ቁልፍ ሱቅ ውስጥ ሳየው ማዞሪያውን ደጋግሜ አዞርኩት። ባለሱቁ "ምን ሆነሻል?" እስኪለኝ ድረስ። ከውስጥ የሚከፈት በር ለኔ ባይሆን ለእናቴ ይሁን ብዬ ነው የገዛሁት። እነሱ ግን ገልብጠው እሷኑ ቆለፉባት። ያቅለሸልሸኛል፣ ጋሼ። የወንድሜ ስም ስልኬ ላይ ሲመጣ ስልኩን ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። የላክሁለትን ጃኬት ለብሶ፣ በሠራሁት ሳሎን ተጋድሞ፣ እናቴን ከከሰል ጋር ያስቀምጣል!

ሐይቁ ይላሉ። ወደ ሐይቁ ስትሄድ አየኋት ያለ ሰው አለ? ስሟን ጠርቶ ከውኃው ዳር የመለሳት አለ? የኔ እናት ቁልቁለት ስትወርድ ጉልበቷን የምትይዝ ሰው ናት። እባክዎን አንድ ቀን ደጁ ላይ ይቀመጡና ወጥታ የት እንደምትሄድ በዓይንዎ ይዩልኝ። እውነት ወደ ሐይቁ ከሆነ አብሯት የሚሄድ ሰው እንፈልጋለን፤ ሰው ይዟት ይሂድ እንጂ አይቆለፍባት። ካልሆነ ግን ፈቃዴን እዚህ ጽፌልዎታለሁ፦ ቤቱ በስሜ ነው፤ እናቴ በትልቁ ቤት ትኑር፤ በሯም ከውስጥ ይከፈት። ይህን ለማንም ያሳዩ።

ልጅዎ ዙሌይካ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሌይካ፤

እንኳን ለኢድ አደረሰሽ። እናትሽ በትልቁ ቤት ናት። ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ ዕረፍት አግኝቶ የቀረውን እንድታነቢ ነው።

ስላንቺ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺ ሴትዮ ስለ ድስቱ ጠየቀችሽ ያልሽው ሌሊት ሁሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ውልሽ ሲያልቅ ነይ። ሌላ አልልሽም።

እንዳልሽው ተቀመጥኩ። ከግቢያችሁ ፊት ለፊት ሕይወት የምትባል ሴት ሱቅ አላት፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። የኢድ ማግስት ነበር፤ ለኢንሳፍ ዘመዶች ከደሴ መጥተውላታል። ኢንሳፍ ለእናትሽ ምግብ አስገብታ ስትወጣ ሰው ጠራትና መቆለፉን ረሳችው። ጥቂት ቆይቶ እናትሽ ወጣች።

ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው። ዘወር ብላም አላየችው። ግድግዳውን እየዳሰሰች ጓሮውን ዞረች፤ ወደ ፊት መጣች፤ ከትልቁ ቤት በር ላይ ቆመች። ሻርፗን አስተካከለች። ከዚያ በመዳፏ የበሩን መስታወት መታ መታ አደረገች። ራሷ ቤት ደጃፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ!

የሆነውን የነገረችኝ ሕይወት ናት፤ ለስላሳ ይዛ ገብታ ነበር። እናትሽ "ቤቶች፣ ክፈቱልኝ፤ ልጄ የሠራችልኝ ቤት ነው" አለች። ከእንግዶቹ አንዷ "ማናት?" ብላ ጠየቀች። ኢንሳፍ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "የጎረቤት አሮጊት ናት፤ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም" አለች። ሙነወር እዚያው ተቀምጧል። ጉንጩ በጫት እንደተሞላ ስልኩን ማየት ቀጠለ። ሕይወት ይህን ስትነግረኝ ምራቄን መሬት ላይ ተፋሁት፤ በጾም ቀን ይቅር ይበለኝ።

ለካ የሐይቁ ነገር ይኸው ነበር። ትሰምጣለች ብለው አይደለም የቆለፉባት። በሰው ፊት "ቤቴ ነው" እያለች ስለምታሳፍራቸው ነው። ኢንሳፍ ክንዷን ይዛ ወደ ጓሮ መለሰቻትና ማዞሪያውን ቀጭ አደረገችው። እኔ ደግሞ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ያንኑ ድምፅ ሰምቼ ወደ ቤቴ ሄጄ ምሳ በላሁ። ያ ምሳ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው።

በነጋታው ሙነወርና ሚስቱ እንግዶቹን ሊሸኙ ወደ ደሴ ሲሄዱ አሻግሬን ከነዕቃው አመጣሁት። "ከሰርቪሱ በር ንቀልና የትልቁን ቤት በር የድሮ ቁልፍ አውጥተህ በቦታው ግጠመው፤ ማዞሪያው ከውስጥ" አልኩት።

"ሙነወር ይጣላኛል።"

"እኔም እጣላሃለሁ። ከሁለታችን ማንኛችንን ትመርጣለህ?"

ያንቺን ደብዳቤ አወጣሁና "ፈቃዴን ጽፌልዎታለሁ" የሚለውን አነበብኩለት። አሻግሬ ማስቲካውን ተፋው። ካወቅሁት ጀምሮ አፉ ባዶ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ያኛው በርም ጠርዙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ገላውም ሲሊንደሩም ልክ ገባ። በዚህ ጊዜ ሜትሩን አውጥቶ ለካው።

ሕይወትና እኔ የእናትሽን ፍራሽ ተሸክመን በመስኮቱ በኩል ወዳለው ክፍል አስገባን። ክፍሉ ውስጥ የኢንሳፍ ጫማ ብቻ ተደርድሯል፤ ለጫማ መስኮት፣ ለሰው ጨለማ! ጫማውን በማዳበሪያ አድርገን ሰርቪስ አስቀመጥነው። እናትሽ ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ሻርፕ ለብሳ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ባጃጁንም፣ መንገደኛውንም፣ የሚዘንበውንም የበልግ ዝናብ ታያለች። "ይህን ቤት ማን ሠራው?" አለችኝ። "ዙሌይካ" አልኳት። "የኔ ዙሌይካ?" አለች። ከዚያ እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና ነገርኳት። ቀኑን ሙሉ ብትጠይቀኝ አይሰለቸኝም ነበር።

ዝናቡ በርትቶ ሳለ ባጃጅ ቆመና ሙነወርና ኢንሳፍ ወረዱ። የድሮውን ቁልፋቸውን ቢሰኩት አልዞር አለ። መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ደበደቡት። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም፤ ልነሣም አልፈለግሁም። እናትሽ ግን ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማ! ክፈቺ!" የሙነወር ጩኸት ለኔም ተሰማኝ።

"አንተ ማነህ?"

"ሙነወር ነኛ! ልጅሽ!"

"የኔስ ልጅ ሪያድ ናት" አለች።

ረስታ ይሁን አውቃ፣ ወላሂ ብዬ በናንተው መሐላ ልማልልሽና፣ እኔ አላወቅሁም። ሙነወርም አላወቀም። በሩን መደብደብ ተወ። በመስታወቱ ሳየው ውኃው ከፀጉሩ ወደ አፉ ይወርዳል፤ ኢንሳፍ ከኋላው ቦርሳዋን ራሷ ላይ ይዛለች። እናትሽ ወደ እኔ ዞረች።

"ቢያድጌ፣ ይዘንባል እንዴ?"

"አዎ፣ ይዘንባል።"

"ታዲያ የማንስ ልጅ ቢሆን ዝናብ ላይ ይቆማል?" አለችና በሚንቀጠቀጥ እጇ በሩን ከፈተችለት።

እኔ ብሆን አልከፍትለትም ነበር።

አጎትሽ
ቢያድግልኝ